ያልተጠረገችው ጥግ

የካርሲና ባል ዋጊራን በዕድሜው ሙሉ እምቢ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጓሮውን ጥግ ማስጠረግ። በቀረው እሺ ባይ ነበር። የመንደሩ ሹም ለመንገድ ሥራ ሲጠራው እሺ፣ ሚስቱ በሬውን ሽጥ ስትለው እሺ። ጥጉ ሲነሳ ግን ድርቅ ይላል።

በዚያ የጃቫ ተራራ ሥር ባለ መንደር፣ ጎህ ሲቀድ የመጥረጊያዋ ድምፅ ያልተሰማ ሴት ወይ ታማለች ወይ ሰነፍ ናት። ካርሲና ሰነፍ አልነበረችም። ግቢዋ ከደጃፉ እስከ ማድ ቤቱ ፏ ያለ ነው። ከቀርከሃው ሥር ግን ሁለት ሰሌን በምታህል መሬት ላይ የሠላሳ ዓመት ደረቅ ቅጠል ተከምሮ ይበሰብሳል። ጎረቤቷ ፖኒራ ከአጥሩ በላይ አንገቷን አስግጋ፣ «ምባክዩ፣ ባልሽ ዛሬም ቆሻሻውን ዘብ ቆሞለታል?» ስትላት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትወድ ነበር። «ምባክዩ»፣ ትልቅ እህቴ፣ እየተባሉ መሰደብ ደግሞ የባሰ ነው።

ዋጊራን ዘብ የሚቆመው ለቆሻሻው አልነበረም። ጠዋት ጠዋት በርጩማውን ከጥጉ ሦስት እርምጃ አርቆ ያስቀምጥና ሻዩን ይዞ ዝም ይላል። ቅጠሉ ውስጥ እንቁራሪት አለች። ከዓይኖቿ በላይ ቆዳዋ እንደ ቀንድ ሾል ያለ፣ መልኳ ከደረቅ ቅጠል የማይለይ። ያላወቀ ሰው አፍጥጦባትም አያያትም። እሱ ያያታል፤ ግን አይጠጋም፣ ቅጠል አያነሳም፣ በእንጨት አይቆሰቁስም።

«እስቲ ገለጥ አድርገህ አሳየኝ!» አለችው አንድ ቀን ካርሲና በንዴት።

«ቤቷን ገልጬ? አንቺ ተኝተሽ ሰው ጣሪያሽን ቢያነሳብሽ ደስ ይልሻል፣ ቡኔ?» አላት። እሱ ቡኔ፣ እሷ ፓክኔ ነበር የሚባባሉት፤ እናትዬ፣ አባትዬ እንደማለት።

«የኔ ጣሪያማ ድሮም ያፈሳል! መጀመሪያ እሱን ድፈን።»

እየሳቀ ወጥቶ ደፈነላት። «ተቀመጪና ጠብቂ እንጂ፤ ራሷ ትታይሻለች» ይላት ነበር። እሷ ግን ሁልጊዜ ሥራ አለባት።

በሳል ታሞ ሊሞት ሲል እጇን ያዘና፣ «ጥጉን አደራ፣ ቡኔ» አላት። ስለ ቤቱ፣ ስለ ማሳው ምንም አላለም። ካርሲና በሐዘኗ መሃል እንኳ ተናደደችበት።

ከቀብሩ በኋላ ባዶውን በርጩማ ማየት ሲያቅታት ሄዳ ተቀመጠችበት። ስምንት ቀን ያየችው ቅጠል ብቻ ነው። በዘጠነኛው ጠዋት ከቅጠሎቹ አንዱ ዓይኑን ጨፈን ገለጥ አደረገ።

«ፓክኔ፣ አየኋት!» አለች ጮክ ብላ፣ ሰው የሌለበትን በር ዞራ እያየች። ከዚያ አለቀሰች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አጠገቡ መቀመጥ ስትችል አለመቀመጧ አንገበገባት።

የሞተበት መቶኛ ቀን ጸሎት ደረሰ። እንደ ደንቡ የመንደሩ ሴቶች ከማለዳው ጀምረው ሊያበስሉና ግቢውን ሊያሰናዱ መጡ። ካርሲና ኮኮናት እየፈቀፈቀች ሳለ ፖኒራ መጥረጊያዋን ይዛ ቀርከሃው ሥር ቆመች።

«ምባክዩ፣ ዛሬስ ከዚህ ጉድ እንገላግልሽ! እንግዳ ይመጣል፣ ያሳፍራል።»

ሴቶቹ ሁሉ ቀና ብለው ካርሲናን አዩዋት። ምን ትበል? ለእንቁራሪት ተዉላት ትበል? የሠላሳ ዓመቱ እፍረት አሸነፋት። አንዲት «ተዪው» ብቻ ነበረች የጎደለችው።

«እንደወደድሽ» አለች።

ሩዙ ሳይበስል ጥጉ ተጠርጎ አለቀ። ቅጠሉን ከግቢው በታች ከምረው እሳት ለቀቁበት፤ እርጥብ ስለነበር ሲጨስ ዋለ።

«አየሽ፣ ግቢሽ ገና ዛሬ ግቢ ሆነ!» አለች ፖኒራ ላቧን እየጠረገች። በክፋት አልነበረም፤ ወገቧ እስኪቆረጥ የደከመችው ለካርሲና ብላ ነው። ካርሲናም አመሰገነቻት። ማታ ለባሏ ጸሎት ሲደረግ ቀና ብላ ሰው ማየት አልቻለችም።

በማግስቱ ቅርጫት አዝላ ከየደጁ የተጠረገ ቅጠል እየለመነች ጥጉ ላይ ትከምር ጀመር። «ምባክዩ፣ ምን ሊሆንሽ ነው?» አለቻት ፖኒራ።

«የዋጊራን አደራ ነው። ያኔ መናገር ነበረብኝ» አለች ካርሲና። ፖኒራ አልገባትም፤ ግን ቅርጫቱን ሞላችላት።

ሁለት ክረምት አለፈ። ቅጠሉ ተመልሶ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ካርሲና ጠዋት ጠዋት በርጩማውን ሦስት እርምጃ አርቃ ትቀመጣለች፤ አትጠጋም፣ አትነካም። ዓይኑን የሚገልጥ ይኖር እንደሆነ እያንዳንዱን ቅጠል ተራ በተራ ታያለች። ሁሉም ቅጠል ነው።