ከሀርሺን ያላደረስኩት አደራ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳን አልተናገርኩም። ፊደል ስላልቆጠርኩ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ፤ እሷም ገና አሁን መስማቷ ነው።

ከሶማሊያ ጋር የነበረው ጦርነት ካለፈ በኋላ ከጅግጅጋ ሀርሺን፣ ከሀርሺን ባቢሌ እየዞርኩ ሻይ ቅጠልና ሽርጥ እነግድ ነበር። ጎረቤቴ አስካለ የወታደር ሚስት ናት። ባሏ ታደሰ በጦርነቱ እንደወጣ ቀረ፤ ሞተ ያለ የለም፣ አለ ያለም የለም። እሷ "ቁርጡን ሳልሰማ አላገባም" ብላ አምስት ዓመት ተቀመጠች። መምህሩ ወንድሜ ግርማ ደግሞ ይወዳት ነበር።

በሶማሌ አገር መንገደኛ ሲገናኝ ውሃ ከመጠየቁ በፊት ወሬ ይለዋወጣል። የሰማውን የደበቀ ከሌባ አይለይም። አንድ ቀን ሀርሺን ላይ ግመሎቹን ከድንበር ማዶ ያመጣ ሽማግሌ አገኘሁ።

"አባዮ፣ እህቴ፣ እዚያ እስረኞች ድንጋይ ሲፈልጡ አይቻለሁ። አንዱ ታደሰ ነኝ አለኝ። ጅግጅጋ ላለችው ሚስቴ ለአስካለ በሕይወት አለሁ በሉልኝ ብሏል። አማና ነው፣ አደራ።"

"አደርሳለሁ" አልኩ። እኔው ነኝ ያልኩት።

ስመለስ አስካለ በሯ ላይ ነበረች።

"አንቺ እግረ ቀላል፣ ዛሬስ ምን ይዘሽልኝ መጣሽ?"

"ሽርጥ ነዋ! ከሀርሺን ሌላ ምን ይገኛል?" ብዬ ሳቅኩ።

ለምን ሳቅኩ? ያኔ ሩሲያ ከእኛ ጋር፣ አሜሪካ ከሶማሊያ ጋር ነበሩ። ሁለቱም ምድርን የሚያቃጥል ቦምብ ይዘው እንደተፋጠጡ በቀበሌ ስብሰባ ይነገረን ነበር። እኔም በልቤ አሰላሁ፦ እነሱ ካልታረቁ የእኛና የሶማሊያ መንግሥት አይታረቁም፤ መንግሥታቱ ካልታረቁ እስረኛ አይፈታም። ታዲያ ለማይመጣ ሰው ወንድሜ ለምን ይቃጠል? እንዲህ ብዬ ሰው በቁሙ ቀበርኩ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሰው ሁሉ ለመናት፣ እኔም ለመንኳት። ግርማን አገባች።

ከዚያ ታረቁ። ሩሲያና አሜሪካ ቦምባቸውን ሊቀንሱ ፈረሙ ሲል ሬዲዮው ተናገረ። ብዙም ሳይቆይ የእኛና የሶማሊያ መንግሥትም ተስማሙ፤ እስረኞች ተለቀቁ፤ ታደሰ መጣ። አስካለ ሁለተኛ ልጇን ታቅፋ ነበር።

"መልእክቴ አልደረሰሽም?" አላት።

"በማርያም፣ ምንም አልሰማሁም!"

"አደራውን የተቀበለኝ ሶማሌ ነው። እነሱ አማና አይበሉም። የካድሽኝ አንቺ ነሽ" ብሎ ወጣ።

እኔ እዚያው በሩ ላይ ነበርኩ። ሲያልፍ ትከሻው ነካኝ። አሁንስ ልናገር ይሆን? አልተናገርኩም። መጀመሪያ ለወንድሜ ብዬ ዝም አልኩ፤ ሁለተኛው ዝምታ ግን ለራሴ ነበር።

ታደሰ ደገሀቡር ብቻውን ኖሮ ሞተ። እስኪሞት "ሰምታ ነው የካደችኝ" ይል ነበር አሉ። አስካለ ዛሬም እትዬ ትለኛለች።

በትልልቆቹ መንግሥታት አላሳብብም፤ ሽማግሌው የነገረው ለእኔ ነው። ይቅር በሉኝ የምልበት አፍ የለኝም። ይህ ብቻ ይታወቅልኝ፦ አስካለ አልሰማችም። የሰማሁት እኔ ነኝ።