ዛፍ ቀበቶ አይታጠቅም

አጎቴ ሸምሱ የበደለኝ በጣሊያን ጊዜ፣ ጣሊያን ቡታጅራ በሰፈረ በሦስተኛው ዓመት፣ በልግ ላይ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዛሬም ጫማ ሰፊ ደጃፍ ሳልፍ የረጠበ ቆዳ ሲሸተኝ ያ በልግ ይመጣብኛል፤ እርምጃዬን አፍጥኜ አልፋለሁ።

አባቴ ለጦርነቱ ዘምቶ ስላልተመለሰ፣ እናቴ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ከድርን ይዛ መስቃን ውስጥ ከአጎቴ ግቢ ጎን ትኖር ነበር። በሆድ በሽታ መድኃኒቷ ትታወቅ ነበር። በበጋ ማለዳ እኔን አስከትላ ወንዝ ዳር ወዳለው ዛፍ ትወርድና፣ በፀሐይ መውጫ በኩል አንድ መዳፍ ያህል ቅርፊት ልጣ፣ ቁስሉን በእበት መርጋ ትመለስ ነበር። ቅርፊቱን በደረቀ የእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ቆጥ ላይ ታደርቅና፣ ታማሚ ሲመጣ ወቅጣ በቀጭን የቡላ አጥሚት ትሰጥ ነበር። «ዙሪያውን እንዳትልጪ፤ ዛፍ ቀበቶ አይታጠቅም» ትለኝ ነበር። የዛፉን ስም መናገር ክልክል ነበር። እኔም እዚህ አልጽፈውም።

በልጉ ሲገባ ጣሊያኖቹ ወንዱን ሁሉ ለመንገድ ሥራ ያስገድዱ ጀመር። ለቆዳ ማልፊያቸው የሚሆን ቅርፊት ያመጣ ሰው ግን ድንጋይ ከመሸከም እንደሚቀር አስተርጓሚያቸው በገበያ አስነገረ። አጎቴ ድንጋይ አይወድም ነበር። አንድ ቀን ውሃ ቀድቼ ከወንዝ ስወጣ መንገድ ላይ ጠበቀኝ።

«አንቺ ሐኪሟ! እናትሽ ያንን አፍ የሚያኮማትር ቅርፊት ከየት ነው የምታመጣው?» አለኝ እየሳቀ።

«አላውቅም፣ አባባ።»

«ሐኪሟ ካላወቀች እንግዲህ ፍየሏን እጠይቃለኋ!»

አልነገርኩትም። ዓይኔ ግን ወደ ዛፉ ሄደ፤ እሱም አየ።

በሳምንቱ ከሥሩ ጀምሮ እጁ እስከደረሰበት ድረስ ዙሪያውን ልጦ ወሰደው። ቅጠሉ ክረምት ሳይገባ ረገፈ። እናቴ ጎረቤት ሰብስባ ስትጠይቀው፣ «ወላሂ፣ እጄን ይዛ የወሰደችኝ የራስሽ ልጅ ናት» አለ። በፈጣሪ ስም ከማለ ትልቅ ሰው ፊት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ቃል አይሰማም ነበር።

በክረምቱ ከድርን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያዘው። ቆጡ ላይ የቀረው ቅርፊት በሁለት ቀን አለቀ። እናቴ ሌላ ዛፍ ፍለጋ በጭቃው ግማሽ ቀን ተጉዛ ስትመለስ፣ ወንድሜ ጭኔ ላይ ሞቶ አገኘችው። አልመታችኝም። ከዚያ ወዲያ ግን ወደ ዛፍ አስከትላኝ አታውቅም፤ ሌሎቹንም መድኃኒቶቿን ለማንም ሳታስተምር ሞተች።

አድጌ ወልቂጤ ጤና ጣቢያ በድሬሰርነት ስሠራ፣ ከእኛ ጋር የነበረውን የመድኃኒት ባለሙያ ጠየቅኩት። ቅርፊቱ ውስጥ ታኒን የሚባል ነገር እንዳለ፣ ቆዳን የሚያጠነክረውም፣ አፍን የሚያኮማትረውም፣ የሆድን ፈሳሽ የሚቀንሰውም እሱ እንደሆነ፣ ሲበዛ ግን ጨጓራንና ጉበትን እንደሚጎዳ ነገረኝ።

«ደም ላለውስ ተቅማጥ?» አልኩት።

«ጀርሙን ይግደል አይግደል አላውቅም፣ እትዬ። ሕፃኑን ቶሎ የሚገድለው ግን የሰውነት ውሃ ማለቅ ነው።»

ዛሬ እናቶች ልጆቻቸውን በጨውና በስኳር ውሃ ሲያተርፉ አያለሁ። እኛም ቤት ያን ጊዜ ውሃ ነበረ፣ ጨው ነበረ፣ ማርም አልጠፋም። አላወቅንም። ይህን ማወቄ ግን አጎቴን ነፃ አያወጣውም።

አጎቴ አርጅቶ ሆዱን ሲታመም ምራቱን ላከብኝ። ከሌላ ዛፍ፣ በፀሐይ መውጫ በኩል፣ አንድ መዳፍ ልጬ፣ አድርቄ ወቅጬ ሰጠኋት። «መጀመሪያ ማን እጁን ይዞ እንደወሰደው ለሽማግሌዎቹ ይናገር፤ ከዚያ ይጠጣ» አልኳት። የዛፉን ስም ስትጠይቀኝ አልመለስኩላትም።

«ልጅቷ እጄን አልያዘችም፤ አልነገረችኝምም» ብሎ በሽማግሌዎች ፊት ተናገረ። እናቴ ከሞተች አራት ዓመት ሆኗት ነበር። መድኃኒቱን ጠጥቶ ተሻለው። ሊያመሰግነኝ ሲመጣ በሩን አልከፈትኩለትም።