ጫማዋን ላሳይ ብላ

መምህርት ኦርፋ ሌድቤተር ዛሬም ጫማዋን ሳትወለውል ከቤት አትወጣም። የሚስቅ ይሳቅ! ሕይወቷን የቀየረላት ጫማ ነዋ።

ያኔ የዐሥር ዓመት ልጅ ሆና ካሮላይና ውስጥ ባለ ጥጥ ፋብሪካ የተበጠሰ ክር ስትቀጥል ትውል ነበር። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ ማሠራት በሕግ ክልክል ነበር፤ ካቦው ስትራውድ ግን መዝገቡ ላይ "ዐሥራ አራት" ብሎ ጽፏት ዐረፈው። እሷ የምትመኘው ትምህርት ቤት ነበር። ታናሽ ወንድሟ ክሊት ፊደል ሲያነበንብ ስትሰማ ቅናት አንጀቷን ይበላው ነበር።

አንድ ቀን ካሜራ የተሸከመ እንግዳ መጣ። "ማሽኖቹን ላነሳ ነው" ይበል እንጂ ዓይኑ ልጆቹ ላይ ነበር። ስትራውድ መች ጠፋው! ኦርፋ እንዝርቶቹ ጋ የምትደርሰው የሳሙና ሳጥን ላይ ቆማ ነው። እዚያው ከምትሠራው ታላቅ እህቷ ከአይላ ረጅሙን ሽርጥ አስወልቆ አሳሰራት፤ ሽርጡ ሳጥኑን ዋጠው።

"ትንፍሽ ትዪና!" አላት። ወደ እንግዳው ዞሮ ደግሞ፣ "ኮረዳ ናት ጌታዬ፣ ቁመቷን አያዩም?"

እንግዳው ካሜራውን ሲያስተካክል ኦርፋን ጭንቅ ያዛት። ውሸቱ መስሏችሁ? ጫማዋ ነው እንጂ! በባዶ እግሯ ስትሠራ ኖራ የመጀመሪያ ጫማዋን ያደረገችው በዚያ ሳምንት ነበር። ፎቶ ተነስታ ጫማዋ ሳይታይ ሊቀር? ሞቼ ነው ቆሜ!

"ቆይ ጋሼ፣ ጫማዬ!" ብላ ሽርጡን እስከ ጉልበቷ ገለበችው።

ብልጭ! ጫማው ፎቶ ውስጥ ገባ፤ የሳሙናው ሳጥንም አብሮ ገባ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ኦርፋ ግን ማደሩንም አልጠበቀችም። ሠራተኞቹ ሴቶች በሳቅ ፈረሱ፣ ስትራውድ እንደ ቲማቲም ቀላ።

ፎቶው የመንግሥት ተቆጣጣሪ ዘንድ ሲደርስ ዕድሜዋ ተነቃና ኦርፋ ከሥራ ተሰናበተች።

"አሰናበቱሽ? እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!" ብላ እናቷ አቅፋ አሽከረከረቻት። "የአይላ ደሞዝ ያበላናል፤ አንቺ ሂጂልኝ ተማሪ!"

ሰኞ ዕለት የክሊትን እጅ ይዛ ትምህርት ቤት ገባች። ሰሌዳው ቢርቃት መምህሩ ሳጥን አቀረቡላት።

"ሳጥንስ በቅቶኛል!" አለችና በእግሯ ጣት ቆማ ከሰሌዳው የታችኛው ጠርዝ ላይ የመጀመሪያ ፊደሏን ጻፈች። ደስታዋ እንባ በእንባ አደረጋት።

ዛሬ እዚያው ክፍል ታስተምራለች። ባለፈው መስከረም ያ ስትራውድ አርጅቶ፣ ከዘራ ይዞ፣ የልጅ ልጁን ሊያስመዘግብ መጣ። ሰሌዳውን አይቶ ተገረመ።

"ምነው መምህርት፣ እንዲህ ዝቅ አድርገው የሰቀሉት?"

"ሳጥን እንዳያስፈልግ ነው።"

ሽማግሌው ጫማዋን አየት አደረገና አቀረቀረ። ኦርፋ ሳቋን እንደምንም ዋጥ አድርጋ መዝገቡን ገለጠች።

"ዕድሜዋ ስንት ነው?"

"ስድስት" አለ ስትራውድ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። "እግዜር ምስክሬ ነው፣ ስድስት ብቻ!"