በሰከንድ አሥራ ሁለት ምስል

ዛሬ ቢሮ የኮምፒውተሬ ጀርባ ግሎ የተቃጠለ አቧራ ሸተተኝ። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ሪፖርት ሳገላብጥ ነበር የዋልኩት፣ ድክም ብሎኛል። ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳሁ። አዲስ ከተማ የነበረው ቤታችን ሳሎን ትዝ አለኝ፣ ወንድሜ ላቡን እየጠረገ ኮምፒውተሩ ላይ እንዳጎነበሰ።

ወንድሜ በአምስት ዓመት ይበልጠኛል። ያኔ ከተመረቀ በኋላ ሥራ አጥቶ፣ ማመልከቻ ይዞ ሲዞር ውሎ ከሰዓት በኋላ ፊቱ በፀሐይ ጠቁሮ ይመለስ ነበር። ኮምፒውተሩን አንዱን ዕቃ ከአንድ ጓደኛው፣ ሌላውን ከሌላው እየለመነ ራሱ ነው የገጣጠመው። እኔ ከትምህርት ቤት ስመጣ አንድ ትልቅ ጌም አብረን እንጫወታለን፤ ፈረስ፣ ጫካ፣ ማለቂያ የሌለው መንገድ። በመጨረሻ ሩቅ ክፍለ ሀገር ሥራ አገኘ። መሄጃው ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ "ሳልሄድ እንጨርሰዋለን" ብሎ ቃል ገባልኝ። ምን ልበልህ፣ ከዚያ ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረም።

ጌሙ ግን እምቢ አለ። ሲከፈት ደህና ነው፤ የስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው ቁጥር በሰከንድ ስልሳ ምስል ያሳያል፣ ፈረሱም እንደ ልቡ ይጋልባል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቁጥሩ ወርዶ አሥራ ሁለት ላይ ቁጭ! ፈረሱ ያነሳውን እግር እስኪያሳርፍ ሰው ሻይ ጠጥቶ ይጨርሳል።

ያላደረግነው የለም። የዛፉን ጥላ አጠፋን፣ ሳሩን አጠፋን፣ የሰዎቹ ፊት እስኪደበዝዝ ድረስ ጥራቱን ቀነስን። ወንድሜ ኢንተርኔት ቤት ሄዶ አዲስ ድራይቨር የሚሉትን ፕሮግራም በፍላሽ አመጣ። ራም የሚሉትን የውስጥ ዕቃውን ነቅሎ በላጲስ ፈገፈገው። እሱ ከፍቶ ይዘጋዋል፣ ከዚያ እናታችን መጥታ ታለብሰዋለች።

አዎ፣ ታለብሰዋለች። ቤታችን ውስጥ ቴሌቪዥኑም ፍሪጁም ዳንቴል ለብሰው ኮምፒውተሩ ለምን ራቁቱን ይቅር? ሰፈሩ ኮረኮንች ነው፣ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር አቧራው ሳሎን ይገባል። ዓይኗ እየደከመ ሁለት ወር ሙሉ ሠርታ፣ ከውስጥ ወፍራም ገበር ሰፍታ፣ ከታች ላስቲክ አስገብታለት ነበር። እየሠራም ቢሆን አታወልቅለትም። "ልጄ የለፋበት ዕቃ ነው" ትላለች።

አንድ ቀን ወንድሜ እጁን በዳንቴሉ ጀርባ ላይ አሳርፎ ቆየ። ከዚያ ዞር ብሎ እናታችንን አያት። መነጽሯን አድርጋ፣ ሰፌዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ ምስር ትለቅም ነበር።

"ማሽኑ አርጅቷል፣ በቃ ተይው" አለኝ።

ደሜ ፈላ። "አንተ ነህ ያበላሸኸው! አንተ የነካኸው ነገር መቼ ተሳክቶ ያውቃል?" አልኩት። ስንት ቢሮ እንደመለሰው እያወቅኩ ነው ይህን ያልኩት።

"ኧረ አንቺ ልጅ፣ ታላቅሽ እኮ ነው!" አለች እናቴ። እሱ ተነስቶ ወጣ። የቀሩትን ቀናት አልተጫወትንም፣ በወጉም አልተነጋገርንም። ሲሄድ መናኸሪያ ድረስ አልሸኘሁትም።

ለፋሲካ እናቴ የቤቱን ዳንቴል ሁሉ ሰብስባ አጠበች። ዳንቴሎቹ ገመድ ላይ እንደተሰጡ፣ ሥራ ስፈታ ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። ሩብ ሰዓት አለፈ፣ አንድ ሰዓት አለፈ፣ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ጀርባውን ብነካው ሙቅ አየር ፏ ብሎ ይወጣል። ለካ ታፍኖ ነው የኖረው! ጓሮ ሄጄ ደወልኩለት።

"ዳንቴሉ ነበር" አልኩት።

"አውቃለሁ። ቀስ በይ፣ እማዬ እንዳትሰማሽ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"አንቺ ሚስጥር መቼ ትችያለሽ? ዓይኗን የጨረሰችበት ነገር ነው። ጎዳሽብኝ ልበላት?"

ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ከፈትኩ፣ ቃሉ ግን አልወጣም። ዓመታት አለፉ፣ ዛሬም አልወጣም። አሁን የምንደዋወለው ለበዓል ብቻ ነው፤ እሱም ልጆች አሉት፣ እኔም ሲመሽ ድካሜን ይዤ እተኛለሁ።

የዚያን ቀን ስልኩ ላይ እሱ ቀደመኝ።

"አሁን ስንት ያሳያል?"

"ስልሳ።"

"እሰይ!" አለ፣ ከልቡ ደስ ብሎት። "በቃ እኔን አትጠብቂ፣ ጨርሺው።"