ለሁሉም ይቅርታ፣ ከአንድ ሰው በቀር

በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ የመዝገብ ቤቱን ሠራተኛ በእውነተኛ ስሙ የሚያውቀው የግል ማህደሩ ብቻ ነው። ማህደሩን የሚጠብቀው ደግሞ ራሱ ስለሆነ ነገሩ እዚያው ታፍኖ ይቀራል። የቀረው ሰው፣ ከኃላፊው እስከ በር ጠባቂው፣ «ጋሽ ይቅርታ» ነው የሚለው። ስሙ ከመሬት ተነስቶ አልወጣለትም። ሰውየው ዕለት ዕለት፣ ከሥራ መውጫው ግማሽ ሰዓት ሲቀረው፣ የመዝገብ ቤቱን መስኮት ዘግቶ በየቢሮው እየዞረ ይቅርታ ይጠይቃል።

ምን አጥፍቶ ነው ካላችሁኝ፣ ምንም። ጸሐፊዋን፣ ጠዋት እንደምን አደርክ ስትለው ቶሎ ስላልመለሰላት። የሕግ ክፍሉን ባለሙያ፣ ማህደር ሲያቀብለው ፊቱን ስላልፈታለት። በር ጠባቂውን፣ ቦርሳውን ሲፈትሸው በልቡ ስላጉረመረመበት፤ ጠባቂው እንግዲህ የሰው ልብ ውስጥ ገብቶ አልሰማ። አንድ ቀን እንዲያውም ኃላፊውን ከስብሰባ መሃል አስጠራቸው። ሰውየው ቤታቸው የተቃጠለ መስሏቸው እየሮጡ ወጡ። «ቅድም ሲያስነጥስዎት ይማርዎት ሳልል አልፌ ነው» አላቸው። ኃላፊው ያን ቀን ምን እንዳሉት ባልናገር ይሻላል።

ሌሎቹ ግን ለምደውታል። ከወረቀታቸው ቀና እንኳ ሳይሉ «ችግር የለም፣ ጋሽ ይቅርታ» ይሉታል፤ እሱም እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ወደሚቀጥለው በር ያልፋል። አንዲት ማህተም እስክትመታ አንድ ይቅርታ ተጠይቆ፣ ተሰጥቶ፣ ያልቃል። ከዚያ ኮቱን ደርቦ ወደ ተከራያት አንዲት ክፍል ይሄዳል። ክፍሏ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበርና ወደ ፀሐይ መግቢያ የሚያይ አንድ መስኮት አላት። ሁለተኛ ወንበር ገዝቶ አያውቅም፤ ማን ሊቀመጥበት? መስኮቱ ጋ ቆሞ ፀሐይዋ ከጣሪያዎቹ ጀርባ ስትገባ ያያታል። «ዛሬም ከማንም ጋር ቂም የለኝም» ይላል። የሚሰማው ሰው የለም። ራዲዮኑን ይከፍታል።

ነገሩ ከእናቱ የመጣ ነው። እናቱ ፊደል አልቆጠረችም፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ሲነበብ የሰማችውን ግን እንደ ብዙዎቻችን እዚያው ጥላው አትመጣም፣ ቤቷ ይዛው ትገባለች። ተቆጥቶ ማደር አይገባም፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ መታረቅ ነው የሚለውን ትምህርት እንደ ቤት ሕግ ነበር የያዘችው። ሁለት ልጆች ነበሯት፤ ሴቲቱ በአምስት ዓመት ትበልጠዋለች። ተጣልተው ከዋሉ እናትየው ማምሻውን ራት ታቀርብና እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች። ሳይታረቁ የሚነካ የለም። እሱ ግትር ነበር። ጥግ ይዞ ያኮርፋል፤ ሆዱ ቢጮህም አፉ አይፈታም። ሁልጊዜ የምትመጣው እህቱ ነበረች። እሷም ብትሆን ይቅርታ የሚለው ቃል አይወጣትም። እጁን ትይዝና «ና እንብላ» ትለዋለች። እርቁ ያ ነው እንግዲህ። ጥፋቱ የእሱም ይሁን የእሷ፣ «ና እንብላ» ከተባለ አለቀ ደቀቀ።

ከሰባት ዓመት በፊት እናትየው ሞተች። አራት ዓመት አልጋ ላይ ነበረች፤ አራቱንም ዓመት ያገላበጠቻት፣ ያጠበቻት፣ ውሃ በማንኪያ ያጠጣቻት እህቱ ናት። እሱ በዚያው ከተማ፣ በአውቶቡስ ሃያ ደቂቃ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ማህደር ይደረድር ነበር። እናቱን እንደዚያ ሆና ማየት ፈርቶ፣ ዛሬ እሄዳለሁ ነገ እሄዳለሁ ሲል አራቱ ዓመት እልም አለ። የደረሰው በመጨረሻው ቀን ነው። ከቀብር መልስ ሰው ቤቱን ሞልቶ ተቀምጦ ሳለ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት፣ በክፋትም አልነበረ፣ «ልጄ፣ እስካሁን አንተ የት ነበርክ?» አሉት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ፊቱ ጋለ። የሚገባበት ቢያጣ በሰው ሁሉ ፊት ወደ እህቱ ዞሮ በእናታቸው ሞት ከሰሳት። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ እሱ ራሱ እስኪደግማት ድረስ እኔ አልደግማትም። እህቱ ሻሿን አጥብቃ አሰረችና ወደ ጓዳ ገባች።

ያን ዕለት ማታ ክፍሉ ተመልሶ መስኮቱ ጋ ቆሞ ጠበቃት። እንደ ድሮው ትመጣለች ብሎ። ፀሐይዋ ገባች፣ እህቱ አልመጣችም። በማግስቱም ጠበቀ። በሳምንቱም ጠበቀ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰባት ዓመት ሞላው፤ በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አውቶቡስ ተሳፍሮ መሄድ አልሆነለትም። የእናቱን ትምህርት አልጣልኩም ለማለት ነው መሰለኝ፣ ዋናውን ትቶ ጥቃቅኑን ይለቅም ጀመር። ይቅርታው የበዛው ያኔ ነው።

ባለፈው ረቡዕ ጠዋት የመዝገብ ቤቱ ስልክ ጮኸ። የደወለችው ሌላ ከተማ የምትኖረው የእህቱ ልጅ ናት። እናቷ ነገ ጠዋት ትሄዳለች። ወንድ ልጇ ያለበት አገር፣ እሱ ጋ ልትኖር፤ ተመላሽም አይደለችም። «አጎቴ፣ አትንገሪው ብላኛለች» አለችው ልጅቱ። «እኔ ግን ነገርኩህ። እኔም አልደርስላትም፣ ብቻዋን ነው የምትወጣው።»

ያን ቀን ጋሽ ይቅርታ በሥራ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ማህደር አሳስቶ አስቀመጠ። አንዴም አይደለም፣ ሦስቴ። ወረቀት እያገላበጠ ከራሱ ጋር ሲሟገት ዋለ። ብትፈልገኝ ትጠራኝ አልነበር? አትንገሪው ያለችው ልታየኝ ስላልፈለገች አይደል? ሄጄስ በሩን ብትዘጋብኝ? እንዲህ ሲል አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። እግሩ እንደለመደው ወጣና ዙሩን ጀመረ። ከስድስት ቢሮ ስድስት «ችግር የለም» ሰብስቦ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን ወልውላ ጨርሳ ነበር፤ ሳያይ ረገጠው።

ይቅር በይኝ፣ ያጠብሽውን አቆሸሽኩብሽ አላት። ሴትየዋ ችግር የለም አላለችውም። መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈችና አየችው።

«ጋሽ ይቅርታ፣ ሰባት ዓመት ይቅር በይኝ ሲሉኝ አንድ ቀን እንዴት ነሽ ብለውኝ ያውቃሉ? አምና ልጄን ቀብሬ ስመለስ እንኳን፣ ባልዲሽን በእግሬ ነካሁት ብለው ነው ይቅርታ የጠየቁኝ።»

ክው አለ። ልጇ መሞቱን አልሰማም ነበር። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ አዋጥቶ፣ ለቅሶ ደርሶ፣ እሱ ብቻ ከማህደሮቹ መሃል አልሰማም። ሴትየዋ በቁጣ አይደለም የተናገረችው፣ ለዚያ እንኳ ደክሟታል። «ለእኔ ብለው እንዳልሆነ አውቃለሁ» አለችው። «ለማን እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ።» ከዚያ መወልወያዋን አንስታ የእግሩን ዱካ ጠረገችው።

ኮቱን ሳይለብስ ወጣ። አውቶቡሱ ውስጥ ቆሞ፣ በሰው ትከሻ መካከል በመስኮቱ ፀሐይዋን እያየ ሄደ። መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። መኪናው አንድ እርምጃ ሲሄድ ፀሐይዋ ሁለት ትወርዳለች። ከፌርማታው ሲወርድ የለችም፤ የሕንጻዎቹ ጫፍ ላይ ትንሽ ቅላት ብቻ ቀርታለች። ልመለስ ይሆን አለ። ፀሐይ ከገባች በኋላ ሕጉ ምን እንደሚል እናቱ አልነገረችውም ነበር። ከዚያ ደረጃውን ወጣ፣ ሦስት ፎቅ።

በሩን የከፈተችው ራሷ ናት። ጠጉሯ ነጭ ሆኗል። ከጀርባዋ ቤቱ ባዶ ነው፤ ዕቃውን ለጎረቤት አከፋፍላ ሁለት ሻንጣና አንድ ካርቶን ብቻ ቀርቷል። ግባ አላለችውም፣ ሂድም አላለችውም። እሱ ደፉ ላይ እንደቆመ የለመደውን ጀመረ። ይቅር በይኝ እታለም፣ ያኔ ባለማወቅ፣ በሐዘን ተነሳስቼ፣ አፌ አዳልጦኝ እያለ ቃሉ ሳይጎረብጠው ወረደለት። ሰባት ዓመት በየቢሮው ሲለማመደው ኖሮ የለ። ለራሱ ጆሮ እንኳ ቀለለው፤ አፈረ።

«እንዲህ አትበለኝ» አለች እህቱ። «የተናገርከውን ነገር ራሱን በለው።»

የትኛውን ሊል አፉን ከፈተና ተወው። 

«እናቴን በውሃ ጥም ገደልሻት አልኩሽ።»

ሻንጣው ላይ ቁጭ አለች። እንደ ጎረቤት ወሬ፣ ድምጿን ሳታነሳ ነገረችው። ሰባት ዓመት ያቺን የመጨረሻ ሌሊት ስትቆጥራት ነበር የኖረችው። ስንት ማንኪያ ሰጠኋት፣ በመሃል እንቅልፍ ወስዶኝ ይሆን፣ ጠርታኝ ሳልሰማት ቀርቼ ይሆን። አንዳንዴ እርግጠኛ ትሆናለች፤ አንዳንዴ ደግሞ ወንድሜ ከመሬት ተነስቶ እንዲህ አይልም፣ አንድ ነገር አይቶ ነው ትላለች። ጠይቃው አታውቅም። አሁን ግን ቀና ብላ አየችው። «ምን አይተህ ነው?» አለችው።

ይህን ጥያቄ አላሰበውም። ተናገርኩ፣ አስቀየምኩ፣ አለቀ ነበር የመሰለው። ቃሉ እሷ ውስጥ ገብቶ ሰባት ዓመት ሲበላት እንደኖረ ወደ አእምሮው መጥቶ አያውቅም።

«ብርጭቆውን ነው ያየሁት» አላት። «አልጋው አጠገብ ነበር፣ ከነውሃው፣ ከነማንኪያው። ከንፈሯም እርጥብ ነበር፣ ስስማት አይቻለሁ። እያወቅሁ ነው የተናገርኩት፣ እታለም። ሰው የት ነበርክ እንዳይለኝ ብዬ።»

 እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ፤ አልጠረገችውም። እሱ ጆሮውን አቅንቶ ያቺን የልጅነታቸውን ቃል ጠበቀ። እሷ ግን አላወጣቻትም። የመንገዱ መብራት በራ፣ ታች አንድ ሰው መዝጊያ ዘጋ። በመጨረሻ ተነሳችና «ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ና። ሻንጣ የሚያወርድልኝ ሰው የለም» ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

አውቶቡስ ነበር፤ በእግሩ ሄደ። ክፍሉ ሲገባ መስኮቱ ጋ አልቆመም፤ ዛሬም ቂም የለኝም አላለም። ያልታረቁትን ሰው በልብ ይዞ መተኛት እንዴት እንደሚከብድ አልጋው ላይ ሲገላበጥ ገባው። እህቱን እንዲህ ባለ አልጋ ላይ ሰባት ዓመት ያስተኛት እሱ ነው።

ጠዋት ሩብ ሰዓት ቀድሞ ደረሰ። ሻንጣዎቹን አንድ በአንድ ሦስት ፎቅ አወረደ፣ መኪናው ላይ ጫነ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ለካርቶኑ ሲመለስ እህቱ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ከፊቷ ጋዜጣ ተዘርግቷል። ጋዜጣው ላይ አንድ ዳቦ አለ፣ የትናንት ነው መሰለኝ፣ ደርቋል። ለሁለት ሰበረችው። ሳታየው፣ እጇ ዳቦው ላይ እንዳለ፣

«ና እንብላ» አለችው።

ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ዳቦውን ከእንባው ጋር ዋጠው፤ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሽማግሌ እንደ ሕፃን አለቀሰ ብል አልዋሸሁም። ታች ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። «ይጠብቅ» አለች እህቱ። ብዙም አላወሩም። ጠጉርህ አለቀ አለችው፤ ያንቺም ነጣ አላት። ፍርፋሪውን ጋዜጣው ላይ ጠራርጋ አጣጠፈችውና ተነሳች። መኪናው ታጥፎ ከዓይኑ እስኪጠፋ መንገዱ ዳር ቆመ። ከዚያም በኋላ ትንሽ ቆመ።

ሥራ የገባው አንድ ሰዓት አርፍዶ ነው። በር ጠባቂው ቦርሳውን ሊፈትሽ ሲቀበለው ከንፈሩ ላይ ሳቅ ነበር፤ የዛሬው ይቅርታ ረጅም ነው ብሎ።

«ከእህቴ ጋር ቁርስ ስበላ ቆየሁ» አለው ጋሽ ይቅርታ፣ ገባ።

የጽዳት ሠራተኛዋ ኮሪደሩ ላይ ነበረች። ወለሉ እርጥብ ስለሆነ ደረቁ ጋ ቆሞ እንዴት ነሽ አላት። ደህና ነኝ አለችና እንዲያልፍ ጠበቀችው። አላለፈም። ልጅሽ ስሙ ማን ነበር ብሎ ጠየቃት። ቀና ብላ አየችው፣ ከዚያ ስሙን ነገረችው፣ ዕድሜውንም፣ ሌላም ሌላም። የመዝገብ ቤቱ መስኮት ያን ቀን እስከ ረፋድ ሳይከፈት ቆየ።