እንቁና የእትዬ ዘቢባ ፔጆ

ጅቡቲ ውስጥ እንቁን የማያውቅ ሐበሻ ካለ፣ ወይ ትናንት የገባ ነው ወይ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ደርሶ አያውቅም። አጭርና ድንቡሽ ያለች፣ ስትራመድ ሰው የሚያባርራት የምትመስል፣ ወሬ ስትጀምር ደግሞ ቀኑ ሁሉ የሷ የሆነ ሴት ናት። ከድሬዳዋ በባቡር የመጣችው ገና ኮረዳ ሳለች ነው። እትዬ ዘቢባ ቤት በሠራተኝነት ገባች፤ ይኸው ፀጉሯ ሸብቶ ዛሬም እዚያው አለች። እኔ መዓዛ እባላለሁ፤ ካርትዬ ሁለት በሚባለው ሠፈር ልብስ እሰፋለሁ። የእንቁን ቀሚስ ሁሉ የምሰፋው እኔ ስለሆንኩ የወገቧም ልክ፣ ምስጢሯም እኔ ዘንድ ነው።

ምስጢሯ መንዳት ነው። ሌላው ሴት ወርቅ ይመኛል፣ ቤት ይመኛል፤ እንቁ መሪ ትመኛለች። የእረፍት ቀኗን እየሰጠች መንዳት ተማረች። ፈተናውን ደጋግማ ወደቀች፤ ያለፈች ዕለት ፈታኙ «ከዚህች ሴት ጋር ዳግመኛ መኪና ውስጥ ከምገባ» ብሎ ነው የፈረመላት እያልን እናሾፍባታለን። ፐርሚዋን፣ መንጃ ፈቃዷን ማለቴ ነው፣ በላስቲክ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ይዛ ትዞራለች። የምትነዳው መኪና ግን አልነበራትም።

በቤቱ መኪና ነበረ። የእትዬ ዘቢባ ባል ሐጂ ዓብዱረዛቅ ወደብ ሲሠሩ የገዟት ነጭ ፔጆ ግቢው ጥግ ካለው ጋራዥ ቆማለች። እሳቸው ካረፉ ወዲህ እትዬ ዘቢባ መውጣት ሲያምራቸው የአርሂባ ሠፈሩ መካኒክ ሙክታር መጥቶ ይነዳላቸዋል። እንቁ ያን ጊዜ የግቢውን በር ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ሙክታር ማርሽ ሲቀይር ከንፈሯን እየነከሰች ታየዋለች። አሳዛኝ ነገር ነው፤ እኔ ግን እስቅ ነበር።

ባለፈው ዓመት የሆነውን ሳልነግራችሁ ወደ ፊት መሄድ አልችልም። ጅቡቲ ሐሩሯ ሲገባ፣ ያ ኸምሲን የሚሉት ነፋስ የምድጃ ትንፋሹን ሲለቅብን፣ አቅም ያለው ሁሉ ይሰደዳል። አንዱ ፈረንሳይ፣ አንዱ ድሬዳዋ፣ ያነሰው አርታ ተራራ ላይ ይወጣል። አይጥ ግን ፓስፖርት ስለሌለው እዚሁ ይከርማል፤ የሚከርመውም ጥላ ባለበት ነው። እትዬ ዘቢባ ማርሴይ ካለችው ልጃቸው ዘንድ ከርመው ሲመለሱ ፔጆዋ ሽቦዋ ተበልቶ፣ የኋላ ወንበሯ ተባዝቶ ጥጥ ሆኖ ጠበቃቸው። ሴትዮዋ ጋራዡ ውስጥ ቆመው ባላቸው ዳግመኛ የሞቱ ያህል አለቀሱ፤ ሙክታር ጠግኖ እስኪያስነሳትም ብዙ ገንዘብ ወጣባቸው።

ስለዚህ ዘንድሮ ሻንጣቸውን ዘግተው እንቁን ጠሩ። እሳቸውም የድሬዳዋ ልጅ ስለሆኑ የሁለቱ መግባቢያ አማርኛ ነው።

«እንቁ፣ ስመለስ ይቺ መኪና በመጀመሪያው ቁልፍ ከተነሳች፣ ከዚያ ወዲያ የምትነጂኝ አንቺ ነሽ።»

«እትዬ፣ ይሙቱ?»

«የዓብዱረዛቅ አጥንት ይውጋኝ። ካልተነሳች ግን እሸጣትና እገላገላለሁ። ሁለተኛ እንባ የለኝም።»

እንቁ በዚያው ዕለት ሱቄ መጥታ ቀሚስ አዘዘችኝ። እጅጌው መሪ ላይ የማይጠላለፍ፣ ቁመቱ ፍሬን ሲረገጥ የማይያዝ እንዲሆን ነው የፈለገችው። ሐሳቧ በሙሉ ወጣ፦ እትዬ ከነሐሴ አጋማሽ ቀደም ብለው ይመለሳሉ፣ ፔጆዋ ትነሳለች፣ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ እሷ ቤተ ክርስቲያን እየነዳች ትመጣለች፣ እኛ በእግራችን ላብ በላብ ሆነን ስንደርስ እሷ በመስኮት አንገቷን አውጥታ «እንደምን ዋላችሁ» ትለናለች።

ከቅዳሴ በኋላ የምክር ዓይነት ዘነበላት። አንዷ ነጭ ሽንኩርት አለች፣ አንዷ ናፍጣ፣ አንዷ ጠበል። እኔም የልብስ ብል የሚያባርረውን ነጭ እንክብል ሰጠኋት። ሙክታር ደግሞ ከሁላችን የተለየ ነገር አለ። ከቀትር በፊት ነው የተገኘው፤ ከቀትር በኋላ ጫቱ ስለሚደርስ ሙክታርን ማግኘት የሚችለው የሚሸጥለት ብቻ ነው።

«ኮፈኑን ክፍት ተዪው» አላት።

«ቤቱን ከፍቶ ሌባ ይከላከላል እንዴ?»

«አይጥ ጨለማና ድብቅ ቦታ ነው የሚፈልገው። ብርሃን ከገባ ጎጆ አይሠራም። ጋራዡ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ድፈኝ፤ ያ ጥርሱን ስለሚወጋው አይቆረጥመውም። መኪና ውስጥ የብስኩት ፍርፋሪ እንኳ እንዳይቀር። መርዝ እንዳታስቢ፤ ሞተር ውስጥ ገብቶ ከሞተ ሽታው ከኔም ከአንቺም ዕድሜ ይረዝማል።»

ባትሪውንም እንዳይሞትባት ፈትቶ አወጣና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጪ አላት። እንቁ ከራሷ ክፍል የቀዘቀዘ ቦታ ስላላገኘች ባትሪው አልጋዋ አጠገብ እንጨት ላይ ተቀመጠ። የእግዜር እንግዳ አስመሰለችው።

የሙክታርን ምክር ሁሉ ፈጸመች። ከዚያ የራሷን ጨመረች፤ ሽቦዎቹን በዘይት በተለወሰ ሚጥሚጣ ቀባቻቸው። ሙክታር ሊያይ በመጣ ጊዜ አንገቱን ከኮፈኑ ሥር አስገብቶ ሲያወጣ ዓይኑ በርበሬ መስሎ፣ እያስነጠሰ በሚያውቃቸው ሦስት ቋንቋዎች ስድቡን አፈሰሰው። አይጦቹ ግን የሐበሻ ወጥ የለመዱ ነበሩ መሰለኝ፣ በነጋታው ኩሳቸውን እዚያው ሚጥሚጣው ላይ ትተውላት ሄዱ።

ያኔ ነው ማዕከላዊ ገበያ፣ ዓሣ ተራ ወርዳ ድመት ያመጣችው። ግራጫ፣ አንድ ጆሮዋ የተቀደደ፣ ሰውን ከላይ ወደ ታች የምታይ ድመት ናት። እንቁ አስተያየቷን አይታ «እሜቴ» አለቻት። እሜቴም ስሟን አላሳፈረችም። ሐምሌን ሙሉ አይጥ እያነቀች ከኩሽናው ደፍ ላይ ታሰልፍ ነበር። እንቁ በምላሹ የዓሣ ጭንቅላት ትገዛላታለች። እትዬ ዘቢባ የእስላም ሥጋ፣ እንቁ የክርስቲያን ሥጋ በሚበሉበት በዚያ ቤት፣ የሁለቱንም ሳትለይ የምትበላ እሜቴ ብቻ ነበረች። ፔጆዋ ሰላም አገኘች፤ እኔም ቀሚሱን ቆረጥኩ።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ ገባ። እንቁ ስትጾም እንደ ሌላው ሰው አይደለም፤ ቤቱ ሁሉ ይጾማል። ዓሣ በእጇ አትነካም፣ ከዓሣ ተራ በኩል አታልፍም። እሜቴ በጠዋት ሳህኗ ላይ ሽሮ አገኘች።

«አንቺ፣ ድመት ናት እኮ!» አልኳት።

«እና? በዓሣ የከረፋ እጄን ይዤ ቅዳሴ ልገባ ነው? ደግሞ የጠገበ ድመት ያድናል እንዴ? ሥጋ ካማራት አይጡ ያውና።»

ነገሩ ቢከነክናት ጊዜ ቄሱን ጠየቀቻቸው። ድመት አይጥ ብትበላ የቤቱን ጾም ያፈርሳል ወይ አለች። ቄሱ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው «ልጄ፣ አንቺ አይጥ እንዳትበዪ እንጂ እሷስ ግዴለም» አሏት። እንቁ ይህን እንደ ሙሉ ፈቃድ ወሰደችው።

እሜቴ ሽሮውን አሸተተች፣ እንቁን አየች፣ አጥሩን ዘለለች። ማዶ ቴዎ የሚባል ፈረንሳዊ አስተማሪ አለ፤ ዘንድሮ አገሩ ያልሄደ። በረንዳው ላይ የቱና ዓሣ ቆርቆሮ ከፍቶ ሲጠራት በዓይናችን አየን። እሜቴም መንገዱን ለመደችው፤ ቀን ቀን እዚያ፣ በአየር ማራገቢያው ፊት ተዘርግታ ትውላለች። ይባስ ብሎ በጾም ወፈረች። ሆዷ መሬት ሊነካ ደረሰ።

«አየሻት? ከኔ ደጅ ጾማ ከዚያ ትገድፋለች» አለችኝ እንቁ።

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» አልኳት።

«አኩርፌያታለሁ። ጋራዡ ድረስ ሄጄ የማየው ነገር የለም።»

አኩርፋ እውነትም ጋራዡን ተወችው። ፍርሃቷም ስለነበረ ይመስለኛል፤ አይጦቹ ተመልሰው ያደረጉትን ላለማየት። እኔም አብሬ ፈራሁላት።

እትዬ ዘቢባ የሚገቡበት ቀን ደረሰ። ጾሙ ሊፈታ ትንሽ ቀርቶታል። ጠዋት ቀሚሱን ይዤ ስሄድ እንቁ ለመለካት እንኳ አልታገሠችም፤ ከላይ ደረበችው። ሙክታር ባትሪውን እንደ ሕፃን ታቅፎ ወደ ጋራዡ ገባ። ወዲያው የሶማልኛ ጩኸት ሰማንና ሮጥን። ባትሪውን መሬት ላይ አስቀምጦ የተቧጨረ እጁን ይልሳል።

«ቦታው ተይዟል» አለ።

ባትሪው የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ውስጥ እሜቴ ተጋድማ፣ ዓይናቸው ያልተገለጠ አራት ግልገሎች ከጡቷ ተለጥፈዋል። አንድም ሽቦ አልተነካም። የአይጥ ኩስ የሚባል የለም። ቀን ቱናዋን እየበላች፣ ማታ ማታ ሥራዋን ስትሠራ ነው ለካ የከረመችው። እኛ ሁለት አዋቂ ነን ባይ ሴቶች የእርጉዝ ሆድ አይተን በቱና አሳበብን።

እንቁ በአዲሱ ቀሚሷ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «እርጉዝ! መዓዛ፣ እርጉዝ አስጾምኩ! አራስና እርጉዝ ጾም የለባቸውም። ይህን ሳላውቀው ነው?»

አትነሳም ብዬ ስሰጋ ብድግ ብላ ወጣች። ነጠላዋን ሳታነሳ፣ በዚያ ሐሩር፣ በጾም፣ ዓሣ ተራ ወርዳ በገዛ እጇ ዓሣ መርጣ ተመለሰች። ሠፈሩን አቋርጣ ስትመጣ ሽታው ቀድሟት ነው የደረሰው። አጥንቱን ለቅማ እያጎረሰች «እሜቴ፣ ይቅር በይኝ» ስትል ሰማኋት። ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ደግሞ ለእሜቴ ውሃ ላመጣላት ተነሳሁ።

ሙክታር ሰዓቱን እያየ ካርቶን አመጣ። «እዚህ ውስጥ እናድርጋቸው። ባትሪውን ልግጠም፣ ማዳም ይምጡ፣ ትነሳ፣ መሪሽን ያዢ። ከዚያ ትመልሻቸዋለሽ።»

እውነቱን ልናገር፣ እኔም ይሁን አልኩ። ስንት ዓመት የተመኘችው ነገር ነው። ጣት ለማያክሉ አራት ፍጥረቶች ሲባል ፔጆዋ ትሸጥ?

እንቁ ካርቶኑን በእግሯ ገፋችው። «አራስ ከአልጋዋ አትነሳም። የሰው እጅ ከነካቸው ደግሞ ልትተዋቸው ትችላለች። በጾም ያራብኳት ይበቃል፣ ሞተር አስነስቼ አልጋዋ ላይ እሳት አልለኩስም።» የምታጣውን አሳምራ ታውቃለች።

እትዬ ዘቢባ ከታክሲ ሲወርዱ ወደ ቤት እንኳ አልገቡም፤ ሻንጣቸውን ደጅ ጥለው ቀጥታ ጋራዡ መጡ። ሰላምታውንም አሳጠሩት።

«ቁልፉ የታለ?»

እንቁ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። «እትዬ፣ አትነሳም።»

ሴትዮዋ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «በሏት?»

«አልበሏትም። አራስ አለባት።»

እትዬ ዘቢባ መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉና አጎነበሱ። እሜቴ ከላይ ወደ ታች አየቻቸው። እሳቸውም አዩዋት። ሙክታር ዝም ማለት ስለማይችል ጣልቃ ገባ። «ማዳም፣ በካርቶን እናውጣቸው ብዬ ነበር፤ አሁኑኑ ትነሳ ነበር። እሷ ናት እምቢ ያለችው።»

«ለምን እምቢ አልሽ? የነገርኩሽን ረሳሽው?»

«አልረሳሁም እትዬ። ይሽጧት። ግን እስኪያድጉ ድረስ ይታገሡኝ።»

እትዬ ዘቢባ እንደገና አጎንብሰው ግልገሎቹን ቆጠሩ። ከዚያ ቁልፉን መልሰው እንቁ መዳፍ ላይ አደረጉት። «ለመንዳት ብላ ድመት የማታቃጥል ሴት፣ እኔንም አትገለብጠኝም» አሉ። «አርባዋ እስኪወጣ ማንም አይነካትም። እስከዚያ ቆመን እንለማመዳለን። ግቢ!»

እንቁ ዓሣ የሸተተ እጇን በአዲሱ ቀሚሷ ጠርጋ መሪው ፊት ተቀመጠች። እትዬ ዘቢባ ዞረው መጡ። ሙክታር ሲነዳቸው ሁልጊዜ ከኋላ ነበር የሚቀመጡት፤ ሐጂ ካረፉ ጀምሮ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው አያውቁም። እጃቸው የኋላውን በር ሊከፍት ሄደ፣ ቆመ፣ ተመለሰ። የፊቱን ከፈቱና ቀስ ብለው ገቡ። የተከፈተው ኮፈን ፊታቸውን ስለጋረደው ከመስታወቱ ባሻገር ምንም አይታይም።

«ወዴት ነው እትዬ?» አለች እንቁ።

«ዓሣ ተራ። ለአራሷ።»

እንቁ መሪውን ጨበጠች፤ ከዚያ ዞር ብላ፣ በሕይወቷ ተናግራ በማታውቀው ኮስታራ ድምጽ «ቀበቶ፣ እትዬ» አለች። እትዬ ዘቢባም ቀበቷቸውን አሰሩ።