ባሌና የፒንግ ፖንግ ጓደኛው

ባለቤቴ ቦሌ ሚካኤል የእንጨት ሥራ ቤት ነበረው። የመጋዝ ብናኙና ሲጋራው ተባብረው ሳንባውን ሲጨርሱት ሐኪሙ ገርጂ ወዳለ ፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ላከው። መጀመሪያ የትንፋሽ ልምምድ ነበር፣ ቀጥሎ እርምጃ። በኋላ ሕመምተኞቹ እየሰለቹ ሲቀሩባት፣ ፊዚዮቴራፒስቷ ጠረጴዛ አስገብታ ፒንግ ፖንግ ጨመረችበት።

የኔ ነገር የተበላሸው ያኔ ነው። ሰውዬው ሐሙስ ሐሙስ ጺሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዝ አማርጦ መውጣት ጀመረ። ቁርስ ላይ ሳናግረው "እህ" ብቻ የሚለኝ ሰው፣ ማታ ስለ አጫዋቹ ሲያወራ ትንፋሽ አያጥረውም። አጫዋቹ እንደሱው ሳንባዋን የሚያማት፣ ባሏ የሞተባት ጡረተኛ አስተማሪ ናት።

"ምቷ እኮ ልዩ ነው!" ይለኛል። ጫማውን የማስር እኔ፣ የጣለውን የማነሳ እኔ፣ ሳቁ ለሌላ ሴት! ልጆቼ "ሕክምና እኮ ነው" ይሉኛል። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት።

አንድ ሐሙስ አብሬው ሄድኩ። ሴትየዋ በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ አንቱ ማለት ግን ከአፌ አልወጣም። ቆንጆም አይደለችም፤ ይህም አላጽናናኝም፣ ባሌ ይስቅ ነበርና። ኳሷ በወደቀች ቁጥር ጎንበስ ብሎ የሚያነሳው እሱ ነው። ቤት ሪሞት ሲወድቅበት "አንቺ!" ብሎ የሚጣራው ሰውዬ! ቀና ሲል እንዳስተማሩት ከንፈሩን አሞጥሙጦ ይተነፍስና ኳሷን በእጇ ያቀብላታል።

ስታየኝ ራኬቷን ዘረጋችልኝ። "እስቲ እርስዎ ይሞክሩት፤ እኔ ልረፍ።"

የመጀመሪያዋ ኳስ አመለጠችኝ። እንደ ልማዴ ሮጬ አነሳሁ። ሁለተኛዋ ያመለጠችው እሱን ነበር፤ እሷንም ዞሬ አነሳሁለት።

"ኧረ አንቺ አታጫውቺም!" አለኝ።

"ምን አደረግሁ?"

"ሁሉንም አንቺ ካነሳሽው እኔ ምን ልሥራ? እሷ ጉልበቷን ስለሚያማት ሁሌ የማነሳው እኔ ነኝ።"

በሰው መልክ ቀንቼ አውቃለሁ፣ በሰው ቤትም። በሰው የታመመ ጉልበት ስቀና ግን ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ቀጣይዋ ኳስ ነጥራ መጥታ ጫማዬ ሥር ቆመች። እጄ ሊወርድ ሲል ያዝኩት። ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

"ምነው? ምን ሆንሽ?" አለኝ።

"ጉልበቴን" አልኩት።

እያለከለከም እየሳቀም ጠረጴዛውን ዞሮ መጣና እግሬ ሥር ጎንበስ አለ።